ያልመጣ ተጋጣሚና የተሸሸ ተጋጣሚ

ሚያዝያ 25 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ እሑድ ማለዳ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ ምእመናን ወደ ቦሌ መድኃኔ ዓለም ሲያቀኑ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም በማይርቅ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ገና ሳይነጋ ወንበር የያዙ ሰዎች፣ ማኪያቷቸው በፊታቸው እየቀዘቀዘ፣ ዓይናቸውን ከግድግዳው ቴሌቪዥን ላይ ሳይነቅሉ ይጠባበቁ ነበር። በላስ ቬጋስ ገና ቅዳሜ ማታ ነው፤ በእኛ አገር ግን ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ፍሎይድ ሜይዌዘርና ማኒ ፓኪያው የተባሉት የዘመኑ ስመ ጥር ቡጢኞች፣ የቡጢ ወዳጅ ሁሉ አምስት ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው የኖረውን ግጥሚያ ሊገጥሙ ወደ ሪንጉ ወጡ።

ግጥሚያው ብዙዎች እንደ ተመኙት አልሆነም። ሜይዌዘር ግራ ትከሻውን ወደ አገጩ አስጠግቶ፣ ቀኝ እጁን ከጉንጩ ሳያርቅ፣ የሚወረወርበትን ቡጢ በትከሻው እያንሸራተተና ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ዐሥራ ሁለቱን ዙር ጨረሰ፤ ሦስቱም ዳኞች፣ አንዱ 118 ለ110፣ ሁለቱ 116 ለ112 ብለው ለእርሱ ፈረዱለት። በዚያች ቡና ቤት ክርክሩ የተጀመረው ግን ዳኞቹ ከፈረዱ በኋላ ነው።

«48 ገጥሞ 48ቱንም ያሸነፈ ሰው ነው፤ ከዚህ በኋላ ምን ይባላል ጋሼ?» አለ አንድ ወጣት፣ ከጎኑ ወደ ተቀመጡት ሽማግሌ ዞሮ።

«ማሸነፉንማ ማን ይክዳል ልጄ» አሉ እኒያ ሰው፣ ሲኒያቸውን አስቀምጠው። «እኔ የምጠይቅህ ማንን እንዳሸነፈና መቼ እንዳሸነፈው ነው። ይህ ፓኪያው ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በፊት በሁዋን ማኑዌል ማርኬዝ እጅ በግንባሩ የተደፋው ፓኪያው ነው። በደኅናው ዘመኑ ለምን አልገጠመውም?»

«በደኅናው ዘመኑማ በአበረታች መድኃኒት የደም ምርመራ ውል አልስማማም ያለው ራሱ ፓኪያው ነበር።»

«ይሁን፤ ጥፋቱን ለሁለቱም አካፍለው። የዘገየው ግን ዘግይቷል።»

እኒህ ሽማግሌ ያነሷቸው ሁለት ጥያቄዎች፣ ማለት ከማን ጋራ እና መቼ የሚሉት፣ ስለ ባለድሎች ክብር ለሚፈርድ ሰው ሁሉ የሚበቁ ይመስሉ ይሆናል፤ እኔ ግን ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ከእነርሱ የሚከብድ ሦስተኛ ጥያቄ እንዳለ አስተዋልሁ፤ ይኸውም ተጋጣሚው ከፊቱ ሳይቆም በቀረ ጊዜ ያስቀረው ማን ነው የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ተገቢውን ቦታ ባለመስጠታችን ምክንያት ለአንዱ የማይገባውን ስንመርቅለት፣ ከሌላው፣ ያውም ከገዛ ወገናችን፣ የሚገባውን ስንቀንስበት ኖረናል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ የቡጢ ዓለም በምን ሥርዓት እንደሚኖር መመልከት ይገባል። ቡጢኛ ተጋጣሚውን በዕጣ ወይም በማጣሪያ አያገኝም፤ ግጥሚያው በውል የሚቆረጥ፣ ውሉም በአዘጋጆችና በቴሌቪዥን ኩባንያዎች ገንዘብ የሚመዘን ነው። በዚህ ላይ ደብልዩ ቢ ኤ፣ ደብልዩ ቢ ሲ፣ አይ ቢ ኤፍ እና ደብልዩ ቢ ኦ የሚባሉ አራት ማኅበራት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የዓለም ሻምፒዮና ቀበቶ ስለሚሰጡ፣ በአንድ ክብደት አራት ሻምፒዮኖች በአንድ ጊዜ ተቀምጠው፣ አራቱም የዓለም አንደኛ እየተባሉ፣ እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ ዘመናቸውን ሊጨርሱ ይችላሉ። እንግዲህ በእንዲህ ያለው ሥርዓት ውስጥ ያልተሸነፈ መባል ብቻውን ምስክርነቱ ጎደሎ ነው፤ ያልተሸነፈው ሰው ብርቱውን ሁሉ ስለ ጣለ ወይም ብርቱውን ሁሉ ስለ ሸሸ ሊሆን ይችላልና።

ለዚህ ክርክር ከሜይዌዘር ይልቅ የሚስማማ ምሳሌ ልዑል እየተባለ ይጠራ የነበረው ናሲም ሐሚድ ነው። ከየመናውያን ወላጆች በ1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ የተወለደው ይህ ሰው፣ በልጅነቱ ብሬንዳን ኢንግል በተባለ አየርላንዳዊ አሠልጣኝ እጅ ወደቀ፤ የኢንግል ደቀ መዛሙርት ከቡጢው አስቀድመው እግር መጣልን የሚማሩት በጂሙ ወለል ላይ በተቀቡ መስመሮች መካከል እየተመላለሱ ነበር። ሐሚድ እጆቹን ወደ ታች ጥሎ፣ ደረቱን ለተጋጣሚው ገልጦ፣ ቡጢው ሊያርፍበት አንድ ጣት ሲቀረው ወገቡን እንደ ቀስት ለምጦ የሚያመልጥበት፣ ከዚያም ከማይታሰብ አቅጣጫ የሚመታበት ጥበብ ከእነዚያ መስመሮች የተገኘ ነው። በ21 ዓመቱ፣ በመስከረም 1988 ዓ.ም.፣ ስቲቭ ሮቢንሰንን በገዛ ከተማው በካርዲፍ በስምንተኛው ዙር አሸንፎ በላባ ክብደት የደብልዩ ቢ ኦን ቀበቶ ወሰደ።

ስሙን ከቡጢው ይልቅ ያወጣው ግን አገባቡ ነበር። በነብር ቆዳ አምሳል የተሰፋ ቁምጣ ለብሶ፣ አንድ ጊዜ በበራሪ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሌላ ጊዜ ከመጋረጃ በስተጀርባ ለረጅም ጊዜ ጥላውን እያስጨፈረ ይመጣና፣ በመጨረሻ የሪንጉን ገመድ በሁለት እጁ ይዞ በአየር ላይ ተገልብጦ ይገባል። አባቶቻችን ውዳሴ ከንቱ ብለው የሚጸየፉት ነገር አካል ነሥቶ ቢታይ ይህን ይመስል ነበር። በዚህም ምክንያት ሊቃውንተ ቡጢ በሁለት ተከፈሉ፤ አንደኞቹ በጭፈራው ተማርከው ከሁሉ በላይ አደረጉት፤ ሁለተኞቹ በጭፈራው ተቆጥተው ያሸነፋቸውን ሰዎች ሁሉ ከቁጥር አወጡበት። ሁለቱም የፈረዱት በመጋረጃው ላይ ነው።

መጋረጃውን ገልጦ ለሚያይ ሰው ግን ተጋጣሚዎቹ የሚናቁ አልነበሩም። ቶም ጆንሰን የአይ ቢ ኤፍን ቀበቶ ደጋግሞ ያስከበረ ሻምፒዮን ነበር፤ በታኅሣሥ 1990 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የገጠመው ኬቪን ኬሊ ሦስት ጊዜ ሐሚድን ጥሎት፣ ሐሚድም ሦስት ጊዜ ኬሊን ጥሎ በአራተኛው ዙር በዝረራ አሸነፈው፤ ዌይን ማካላም በነጥብ እንጂ በዝረራ የማይሸነፍ ጽኑ ሰው ነበር። እርግጥ ዊልፍሬዶ ቫስኬዝ ሲገጥመው ዕድሜው 37 ደርሶ ነበርና እርሱን በሙሉ ዋጋ መቁጠር ይከብዳል። ከዚህም ሁሉ በላይ በክብደቱ ከነበሩት ብርቱዎች ኤሪክ ሞራሌስንና ሁዋን ማኑዌል ማርኬዝን ሳይገጥማቸው ቀረ፤ ማርኬዝ ለዚያው ቀበቶ ተራውን ሲጠብቅ የኖረ ሰው መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በመጨረሻ፣ በ1993 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ ከኢንግል ከተለየ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በላስ ቬጋስ ከሜክሲኮው ማርኮ አንቶኒዮ ባሬራ ጋራ ተገናኘ። ባሬራ ያን ቀን አልጨፈረም፣ አልተቻኮለም፤ ግራ እጁን እየዘረጋ፣ በየዙሩ እያስተማረው ዐሥራ ሁለት ዙር ሄደና ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ፈረዱለት።

ሐሚድ ከዚያ በኋላ የገጠመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በ1994 ዓ.ም. በለንደን ማኑዌል ካልቮ የተባለውን ስፔናዊ በነጥብ አሸንፎ፣ በ28 ዓመቱ፣ 36 ድልና አንድ ሽንፈት ይዞ ከሪንጉ ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የቡጢ የክብር መዝገብ ስሙ ተጻፈለት። በእኔ ፍርድ መጻፉ ትክክል ነው። ከአክሊሉ የምቀንስበት ስለ ምንጣፉና ስለ ግልብጡ አይደለም፣ በባሬራ መሸነፉም ነውር ሆኖ አይደለም፤ ከባሬራ በኋላ ወደ ባሬራ ባለመመለሱ ነው።

አሁን ወደ ቦሌ ልመለስ። ይህን የቡጢ ክርክር ሰምቶ ከቡና ቤቱ የሚወጣ ሰው፣ በአንድ የቦሌ መንገድ ላይ ሁለት የሩጫ ጀግኖች ያቆሟቸውን ሕንፃዎች ያያል፤ አንደኛው ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በባለቤቱ ስም የሰየመው ዓለም ሕንፃ ነው፤ ሁለተኛው የቀነኒሳ በቀለ ሆቴል ነው። ወደ መገናኛ የሚወስደው አውራ ጎዳናም በኃይሌ ስም ይጠራል። በዚህ አካባቢ በሚገኝ በማናቸውም ቡና ቤት ከሁለቱ ማን ይበልጣል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ማኪያቶውን ሳይጠጣ ይመሻል፤ የክርክሩም ቃል ያው የቡጢው ቃል ነው፦ እርሱ ማንን አሸነፈ? በእርሱ ዘመን ማን ነበረ?

ሯጭ ከቡጢኛ የሚለይበት አንድ ታላቅ ነገር ግን አለ። እርግጥ በግብዣ የሚሮጥ፣ አሯሯጭ ተቀጥሮለት ክብረ ወሰን የሚሰበርበት ሩጫ አለ፤ በኦሊምፒክና በዓለም ሻምፒዮና ግን አገሩ የመረጠው ሁሉ መስመሩ ላይ ይቆማል፤ ባለድሉ ይህን ሰው አልፈልግም፣ ያኛውን አምጡልኝ ብሎ ሊዋዋል አይችልም። እንዲያውም የኢትዮጵያዊ ሻምፒዮን ብርቱው ተጋጣሚ ብዙ ጊዜ ከሩቅ አይመጣም። ገና ጎሕ ሳይቀድ ከመገናኛ በሲ ኤም ሲና በአያት አልፎ ወደ ለገጣፎና ወደ ሰንዳፋ ለልምምድ በሚጓዘው መኪና ውስጥ፣ ከጎኑ ተቀምጦ፣ የሹራቡን ቆብ እስከ ዓይኑ ስቦ ያንቀላፋል።

የኃይሌ ክብር ሲመዘን ፖል ቴርጋት አብሮ መመዘን አለበት። ኬንያዊው ቴርጋት በአገር አቋራጭ አምስት ዓመት በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ፣ በ1989 ዓ.ም. የዐሥር ሺህ ሜትርን፣ በ1996 ዓ.ም. የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ነው፤ ሁለቱንም ክብረ ወሰኖች ኋላ የሰበረበት ኃይሌ ነው። በአትላንታም በሲድኒም በዐሥር ሺህ ሜትር ከኃይሌ ቀጥሎ የብር ሜዳልያ የወሰደው እርሱ ነበር። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ፣ ኃይሌ የቁርጭምጭሚቱ ጅማት እየታመመበት በሮጠ ጊዜ፣ ቴርጋት በመጨረሻው ዙር አስቀድሞ ተፈትልኮ ወጣ፤ ኃይሌ ጥርሱን ነክሶ፣ ሜትር በሜትር እየተሳበ ደርሶ፣ በገመዱ ላይ በደረቱ ቀደመው። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት የአንድ ሰከንድ መቶኛ ዘጠኝ እጅ ብቻ ነው። የዳዊት ወንጭፍ የሚታወሰው ጎልያድ ከፊቱ ስለ ቆመ ነውና፣ ቴርጋት ባይኖር ኖሮ የኃይሌ ሁለቱ የኦሊምፒክ ወርቆች ዛሬ የምናያቸውን ያህል ባላበሩ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የዘመን አጋጣሚ ሳላነሣ አላልፍም። ሐሚድ በባሬራ የተሸነፈበት 1993 ዓ.ም. ኃይሌም በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና፣ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ሳያስነካ የያዘውን የዐሥር ሺህ ሜትር ማዕርግ ለቻርለስ ካማቲ አስረክቦ፣ ከአሰፋ መዝገቡ ቀጥሎ ሦስተኛ የወጣበት ዓመት ነው። ሁለቱም በአንድ ዓመት ተነኩ። ኃይሌ ግን ወደ መስመሩ ተመለሰ፤ በ1995 ዓ.ም. በፓሪስ ከቀነኒሳ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሊምፒክ አምስተኛ ሆነ፤ ከዚያም ወደ ማራቶን አልፎ በ35 ዓመቱ በበርሊን 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገባ። በቤጂንግ ኦሊምፒክ የአየሩን ብክለት ፈርቶ ማራቶኑን መተዉን ስሌቱ ውስጥ የሚያገቡ አሉ፤ እኔም አገባዋለሁ። ሆኖም በዚያው ኦሊምፒክ በዐሥር ሺህ ሜትር ተሰልፎ ስድስተኛ መውጣቱ አብሮ መጻፍ አለበት።

ስለ አቴንስ ጥቂት ልቆይ። በዚያ ሩጫ ቀነኒሳና ስለሺ ስህን መሪነቱን ይዘው ሳሉ፣ ጅማቱ የታመመው ኃይሌ ወደ ኋላ መቅረቱን አይተው፣ አንገታቸውን እያዞሩ ፍጥነታቸውን የገቱበት ጊዜ ነበር። አሸናፊ ተጋጣሚውን እንዲደርስበት የሚጠብቅበት ሩጫ በዓለም ላይ ስንት ጊዜ ታይቷል? ቀነኒሳ ቀንሶም፣ ጠብቆም፣ በመጨረሻ ማሸነፍ ስለ ነበረበት አሸነፈ። በእርሱ ዘመን ቴርጋት መሙን ትቶ ወደ አስፋልት መሄዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ተጋጣሚ አልነበረውም የሚሉ ሰዎች በአምስት ሺህ ሜትር እነማን ከፊቱ እንደ ቆሙ አላዩም። በፓሪስ ኤሊዩድ ኪፕቾጌና ሂሻም ኤልጌሩዥ ቀድመውት ሦስተኛ ወጣ፤ በአቴንስ ኤልጌሩዥ በአንድ ሰከንድ አምስተኛ እጅ ቀደመው፤ በቤጂንግ ኪፕቾጌን ወደ ሁለተኛ አውርዶ ሁለቱንም ርቀት በወርቅ ደመደመ። በአገር አቋራጭ በ1999 ዓ.ም. ሞምባሳ ላይ ሩጫውን አቋርጦ ወጣ፤ በዓመቱ በኤድንብራ ገና ከጅምሩ ጫማው ተረግጦ ቢወልቅበት፣ ቆሞ አጥልቆት፣ የቀደመውን መንጋ ሁሉ አሳድዶ ደርሶ አሸነፈ፤ በዚያም በአዋቂዎች ምድብ በግሉ ያገኘው የዓለም አገር አቋራጭ ወርቅ 11 ሆነ። በማራቶንም ኪፕቾጌ ከሁሉ በበረታበት ዘመን በለንደን በ2008 እና በ2010 ዓ.ም. ሄዶ ገጠመው፣ ተሸነፈም። የሸሸ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል፣ በመም ላይ በተጋጣሚ ክብደት ኃይሌን፣ በሜዳው ስፋት ቀነኒሳን አስቀድማለሁ፤ የቦሌ ወጣቶች ቢቃወሙኝ አልቀየምም። ዋናው ቅሬታዬ ከሁለቱም ስለሚቀድመው ሰው ነው።

ማርሽ ቀያሪው ሻምበል ምሩፅ ይፍጠር በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በዐሥር ሺህ ሜትር የነሐስ ሜዳልያ ወሰደ፤ በአምስት ሺህ ማጣሪያ ግን ሳይሰለፍ ቀረ። በ1968 ዓ.ም. የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሲደርስ የአፍሪካ አገሮች፣ የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን ዘረኛዪቱን ደቡብ አፍሪካ ስለ ጎበኘ፣ በተቃውሞ ሲወጡ አገሩ ኢትዮጵያም አብራ ወጣች። በ1969 ዓ.ም. በዱሰልዶርፍ የዓለም ዋንጫ በአምስት ሺህም በዐሥር ሺህም አሸነፈ፤ በአምስት ሺሁ ሁለተኛ ያደረገው አሜሪካዊውን ማርቲ ሊኮሪን ነው። በ1971 ዓ.ም. በሞንትሪያል ይህንኑ ድርብ ድል ደገመ። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ ግን አሜሪካ በአፍጋኒስታን ጦርነት ምክንያት ያስነሣችው አድማ ከ60 የሚበልጡ አገሮችን አስቀረ፤ ኬንያም ቀረች፤ ከኬንያም ጋራ በ1970 ዓ.ም. በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖች የሰበረው ሄንሪ ሮኖ ቀረ።

በዚህ ምክንያት የምሩፅን ሁለት የሞስኮ ወርቅ በሰሙ ቁጥር «አዎ፣ ግን አድማ ነበረ» የሚሉ ሰዎች በውጭም በአገር ውስጥም አሉ፤ ከወጣቶቻችንም አንዳንዶቹ ይህን ቃል ሳይመረምሩ ሲደግሙት ሰምቼ አዝኛለሁ። በሞስኮ በመሙ ላይ ማን ነበረ? በሁለት ኦሊምፒክ አራት የረጅም ርቀት ወርቅ የወሰደው ፊንላንዳዊው ላሴ ቪሬን ነበረ። የአገሩ ልጅ ካርሎ ማኒንካ ነበረ። በዐሥር ሺህ ሜትር ምሩፅ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ተራ በተራ ፍጥነቱን እየጨመሩና እየቀነሱ ፊንላንዳውያኑን ትንፋሽ አሳጧቸው፤ ከዚያም 300 ሜትር ያህል ሲቀረው፣ ቁመቱ አጭር፣ ራሱ በራ የሆነው ያ ሰው፣ ስሙን ያተረፈለትን ማርሽ ቀየረ። ማኒንካ ሁለተኛ፣ ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ፣ ቪሬን አምስተኛ ሆኑ። ከጥቂት ቀን በኋላ በአምስት ሺህ ሜትር ታንዛንያዊውን ሱሌይማን ንያምቡይን እንዲሁ አደረገው።

ሮኖን ከሞስኮ ያስቀረው ምሩፅ አይደለም። ውል አልተዋዋለም፣ ቀን አላራዘመም፣ ከመጡት ውስጥ ደካማውን አልመረጠም። እርሱ ራሱ ከአራት ዓመት በፊት፣ ጉልበቱ ጽኑ በሆነበት ዘመን፣ በመንግሥታት ክርክር ምክንያት ከመስመሩ የተገለለ ሰው ነው፤ በሞንትሪያል ምሩፅና የኬንያ ሯጮች ሳይሰለፉ ወርቁን ለወሰደው ለቪሬን ግን «አድማ ነበረ» ብሎ የሚቀንስበት ሰው እምብዛም አይሰማም። አንዱን ሚዛን ለፊንላንዳዊው ሌላውን ለኢትዮጵያዊው ማንሣት ፍትሕ አይደለም። ተጋጣሚውን በውል ያስቀረ ቡጢኛ የቀረውን ተጋጣሚ ዋጋ ከክብሩ ይክፈል፤ ተጋጣሚው በመንግሥታት ጠብ የቀረበት ሯጭ ግን የሚከፍለው ዕዳ የለበትም።

ምሩፅ ታኅሣሥ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. በካናዳ በቶሮንቶ ከዚህ ዓለም አረፈ፤ አስከሬኑ ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። በኃይሌና በቀነኒሳ ስም የምትከራከሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ክርክራችሁን ቀጥሉ፤ የሞስኮን ሁለት ወርቅ ስትጠሩ ግን «ግን» የምትለዋን ቃል ተዉአት።